መንገድ ዳር የቀረችው ቡራቡሬ ባዝራ

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ከቢሾፍቱ ወደ ሞጆ በሚወስደው አስፋልት ዳር አንዲት ቡራቡሬ ባዝራ ቆማ አየሁ። ነጭና ዳማ የተቀላቀለባት፣ የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር፣ ትከሻዋን የጋሪው ማሰሪያ ልጦት ዝንብ የሰፈረባት ነበረች። መኪና ጥሩምባ እየነፋ በአጠገቧ ሲያልፍ ጆሮዋን እንኳ አታነሣም። በማግስቱም እዚያው ነበረች። በሦስተኛው ቀን ገመድ ይዤ ሄድኩ።

ባለቤቷን ለመርገም አልጻፍኩም። ባለጋሪ የዕለት ጉርሱን ከፈረሱ ጉልበት የሚያገኝ ሰው ነው፤ ባጃጅ መንገዱን ወስዶበታል፣ የገለባ ዋጋም ንሮበታል። በሬ ሲያረጅ ሥጋ ቤት ይገዛዋል። የፈረስ ሥጋ ግን እኛ ዘንድ አይበላምና ያነከሰ ፈረስ ዋጋ የለውም። መግደሉ ደግሞ ኀጢአት ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ ልጓሙን ፈትቶ ይለቀዋል፤ የቀረውን ጅብ ወይም መኪና ይጨርሰዋል።

በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ውስጥ የአህያ ቄራ ሲከፈት ሕዝቡ ተቆጣ፤ ቄራውም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬም ቁጣው ትክክል ነበር እላለሁ። ይሁን እንጂ ደክሞ የተጣለው እንስሳ የት ይደር ብለን አልጠየቅንም። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እያልን ጀግኖቻችንን በፈረሳቸው ስም የምንጠራ ሰዎች ነን። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ሲወጡ አገር ያጨበጭባል። የጋሪው ፈረስ ከዚያ ዘር አይደለምን?

ግቢና ሣር ያለው ሰው አንድ ፈረስ ይውሰድ እላለሁ። ነገሩን ሳያውቅ ግን አይግባበት። እኔ ለተራበች ባዝራ ገብስ ልሰጥ ስል የእንስሳት ሐኪሙ እጄን ያዘኝ። ለረጅም ጊዜ የተራበ ፈረስ ድንገት እህል ከበላ ሊሞት ይችላልና ድርቆሽ ብቻ፣ ያውም ጥቂት ጥቂት እያደረግሁ በቀን ብዙ ጊዜ አበላኋት። ፉርሽካ የቀመሰችው ከሳምንታት በኋላ ነው። ቀጥሎ ሐኪሙ እግሯንና አንገቷን እየዳሰሰ ንድፍት የሚባል በሽታ ይኖርባት እንደሆነ ፈተሸ። የጋሪ ፈረሶችን በጣም የሚያጠቃው ይህ በሽታ ቆዳ ላይ እያበጠ የሚፈርጥ፣ በቁስልና በዝንብ የሚተላለፍ፣ ሕክምናውም አስቸጋሪ የሆነ ነው። ሌላ ፈረስ ያለው ሰው አዲሱን ለብቻው ሳያቆይ አይቀላቅል። ሐኪሙ የባዝራዬን ጥርስ አይቶ ዕድሜዋን 12 ዓመት ገመተ። ፈረስ 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ስለሚችል ገና ብዙ በጋ ድርቆሽ እገዛላታለሁ ማለት ነው።

ይህ ሸክም በበጎ ፈቃደኞች ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ለጋሪ ታርጋ የሚሰጥ ከተማ ፈረሱንም ይመዝግብ፤ ከሚሰበስበው ክፍያ ቀንሶም ለደከሙት አንድ የግጦሽ መስክ ያጥር። እግሩ ተሰብሮ ተስፋ የሌለውን ሐኪም በመርፌ ያለ ሥቃይ ያሳርፈው። ይህን ስል የሚቀየሙኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። በሕይወት ሳለ ጅብ የጀመረውን ፈረስ በዓይኔ አይቻለሁና ቃሌን አላጥፍም።

የቡራቡሬዋ ቁስል ደርቋል፤ በቦታው ነጭ ጠጉር በቅሎበታል። ወደ መስክ ስወስዳት መንገድ ዳር የቆመ ሰው ካየች ዛሬም ቀጥ ትላለች፤ የሚሳፈር ይመስላታል። ሰውየው እስኪያልፍ አብሬያት እቆማለሁ።