ድሩ ተበጥሶ አንሸምን

ወገኖቼ፣ ሽሮ ሜዳ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ የሚሸምን ሰው ድሩ ሲበጠስበት ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፦ መወርወሪያውን ያስቀምጣል፣ ሁለቱን ጫፎች ፈልጎ ይቋጥራል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው ይመለሳል። ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ባወጣው የሽመና መኪና ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ክር ሲበጠስ መኪናው በራሱ ይቆማል። ከዚያው ቤተሰብ የወጣው ቶዮታም ጉድለት ያየ ሠራተኛ ሁሉ ገመድ ስቦ የሥራ መስመሩን እንዲያስቆም ፈቀደ። ዛሬ ሊን ማኔጅመንት የሚባለው አሠራር አንዱ እግሩ ይህ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ለተገልጋዩ ምንም የማይጨምርለትን ምልልስ፣ ክምችትና ጥበቃ እንደ ብክነት ቆጥሮ ማስወገድ ነው።

ይህ ትምህርት አልደረሰንም ማለት አንችልም። በ2002 ዓ.ም. በጃፓን መንግሥት ድጋፍ በ30 ኩባንያዎች ላይ የካይዘን፣ ማለትም ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓን አሠራር፣ ሙከራ ተጀመረ፤ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ጥቅም ያገኙ ፋብሪካዎች እንዳሉ አልክድም። ነገር ግን አብዛኞቻችን አምስቱን «ማ»ዎች፣ ማለትም የሥራ ቦታን ማስተካከያ የሆኑትን አምስት የካይዘን ደረጃዎች፣ ግድግዳ ላይ ለጥፈን፣ ወለሉን ቢጫ ቀለም ቀብተን፣ ከመጀመሪያው ከማጣራት ተነሥተን የመጨረሻው ማዝለቅ ላይ ሳንደርስ ቀረን። ቀለሙ ያማረበት ኮሪደር ላይ ሰልፉ እንዳለ ነው።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ክሊራንስ ለማስፈረም አብሬያት ዞርኩ። ቤተ መጻሕፍት፣ ፕሮክተር፣ ካፌ፣ ላቦራቶሪ፣ ዲፓርትመንት እያለ የሚሄድ 11 ፊርማ ነበር። ሰዓቴን እያየሁ ነበርና እርግጠኛ ነኝ፣ ብዕሩ ወረቀቱን የነካበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ እኛ ግን አራት ቀን ፈጀብን። በአንድ ቢሮ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ በሌላው ማኅተሙ ተቆልፎበታል፤ ኳስ ነክታ የማታውቀውን ልጅ ዕዳ የለባትም ብሎ የሚፈርመው የስፖርት ዕቃ ክፍል ሠራተኛ ደግሞ ቁልፉን ይዞ የካይዘን ሥልጠና ሄዷል ተባልን። ይህን የምጽፈው ለማሳቅ አይደለም። 11ዱም ፊርማዎች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህች ተማሪ ያልመለሰችው ንብረት አለ ወይ? እያንዳንዱ ክፍል ዕዳ ያለባቸውን ጥቂት ተማሪዎች ስም ዝርዝር ለሬጅስትራር ቢልክ፣ ዕዳ የሌለባቸው ብዙኃን ከመቀመጫቸው መነሣት ባላስፈለጋቸው ነበር። ለዚህ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ የተማሪን ቀን እንደ ንብረት መቁጠር ብቻ ይበቃል።

የግል ድርጅት ባለቤቶች ሆይ፣ ይህ የመንግሥት ቤት ጣጣ ነው ብላችሁ አትለፉት። በወጣትነቴ በሠራሁበት የጫማ ፋብሪካ ቆረጣ ክፍሉ የሚመሰገነው ብዙ በመቁረጡ ነበር፤ ስፌት ክፍሉ ይድረስበት አይድረስበት የሚጠይቅ አልነበረም። አንድ ጊዜ ለሦስት ቀን የተቆረጠ ቆዳ ስፌት ላይ ሲደርስ መጠኑ የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ። ቆራጩ ስህተቱን ያወቀው በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነበር። ለምን እንዳልተናገረ ስጠይቀው «ከደመወዜ ሊቆርጡብኝ?» አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን እንተርታለን፣ በሽታውን የተናገረውን ግን እንቀጣለን።

ተማሪ ጫማ አይደለም የምትሉኝ መምህራን ትክክል ናችሁ፤ የተበላሸ ቆዳ ይጣላል፣ የባከነ አራት ዓመት ግን ተመልሶ አይገኝም። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች ሲሰጥ ያለፉት ከመቶ 40 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመትና በቀደመው ዓመት በ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ያህል ናቸው። እኛ ግን የተከራከርነው ፈተናው ከብዶ ነው ወይስ ቀልሎ በሚለው ላይ ነው። ፈተና ጉድለትን ያሳያል እንጂ አይጠግንም፤ ድሩ የተበጠሰው ገና ታች ክፍል፣ ማንበብ ያልቻለውን ልጅ ወደሚቀጥለው መምህር ባሳለፍነው ቀን ነው። ዩኒቨርሲቲም ውስጥ የመጀመሪያውን ፈተና ወረቀት ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ የሚመልስ መምህር ተማሪው የት እንደሳተ የሚነግረው ማረም በማይችልበት ሰዓት ነው።

ሊን ሲባል ሠራተኛ መቀነስ የሚመስላችሁ ኃላፊዎች ደግሞ ከዚህ ተቆጠቡ። ቢፒአር የተባለው፣ የመሥሪያ ቤቶችን አሠራር ከሥር መሠረቱ የመለወጥ ዘመቻ በመጣ ጊዜ ስንቱ ሠራተኛ ለእንጀራው ሰግቶ አፉን እንደዘጋ እናስታውሳለን፤ ጉድለቱን ቀድሞ የሚያየው እሱ ሆኖ ሳለ ገመዱን ለመሳብ የሚፈራ ከሆነ ሥልጠናው ሁሉ ከንቱ ነው። ዲኖችና ሥራ አስኪያጆች፣ ሪፖርት መጠበቃችሁን ተዉና አንድ ቀን ስማችሁን ሳትናገሩ የአንዱን ተገልጋይ ወረቀት ይዛችሁ ዙሩ፤ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ስንት ሰዓት እንደተኛ ጻፉ። እኛ ተሰላፊዎችም ዘመድ ፈልገን በጓሮ በር ማስፈረማችንን እንተው፤ ከኋላችን የቆመው ሰው ጊዜ ከየትም የመጣ አይደለም።

የስፖርት ዕቃ ክፍሉ ሰው በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። መዝገቡ ፊቱ ተቀምጦ ነበር፤ ሳይከፍተው ፈረመላት።