ለእግርህ የሚሆን ቤት ምረጥ

የታንጎ ሰው ለጫማው የማይዞረው ሱቅ የለም። የሚደንስበትን ቤት ግን ፖስተሩ ካማረው በቃ፣ ይሄዳል። ከዚያ ማታውን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ያመሻል፤ ሲወጣ "ጉረኞች ናቸው" ይላል። አይ ወዳጄ! ቤቱን የተሳሳትከው አንተ ነህ።

ሚሎንጋ፣ ማለትም የታንጎ ምሽት፣ ሁሉም አንድ አይደለም። የታንጎ አገር በሆነችው በአርጀንቲና፣ እዚያው ዋና ከተማዋ ቦነስ አይረስ ውስጥ እንኳ ኤል ቤሶ ጠበብ ያለች ቤት ናት። ደረት ለደረት ተቃቅፈህ፣ ትንንሽ እርምጃ እየረገጥክ ትደንሳለህ። ሰንደርላንድ የሚደነሰው ደግሞ የስፖርት ክለብ አዳራሽ ውስጥ፣ ኳስ በሚጫወቱበት ወለል ላይ ነው። እግር ዘርጋ ማድረግ የሚወድ እዚያ ይሂድ። ላ ካቴድራል ድሮ መጋዘን ነበር፤ በስኒከር ብትገባም ዞር ብሎ የሚያይህ የለም።

ችግሩ ያለው ቦሌዮ ወዳዱ ላይ ነው። እግርን ወደ ኋላ የምታወናጭፈዋን ነገር ቪዲዮ ላይ አይቶ ነው የመጣው። ሰው ሁሉ ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ ተራውን ጠብቆ ይዞራል፣ እሱ መሃል ላይ ቆሞ አብራው የምትደንሰውን ያዞራታል፣ ያስወነጭፋታል፣ ከኋላ ያለው ሰውዬ ቅልጥሙን ይዞ ያነክሳል፣ እሱ ግን "ቦታ አይሰጡም እንዴ?" ብሎ ይገላመጣል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚካሄደው የዓለም ታንጎ ሻምፒዮና እንኳ የመድረኩንና የአዳራሹን ታንጎ ለይቶ ነው የሚያወዳድረው። በአዳራሹ ዘርፍ መዝለል የለም፣ ሙዚቃው ሳያልቅ መላቀቅም የለም። የእኛ ሰው ግን ለሁለቱም በአንድ ቲኬት ይገባል።

ወግ አጥባቂ ቤት ከሄድክ ደግሞ ጠረጴዛ ድረስ ሄዶ "እንደንስ?" ማለት ነውር ነው። ከሩቅ በዓይን ትጠይቃለህ፣ እሷ ከፈለገች ታይሃለች፣ ጭንቅላትህን ነቅነቅ ታደርጋለህ፣ ትነሳላችሁ። ካቤሴዮ ነው ይሄ። ለዓይን አፋር መከራ ነው፤ ለመልክ ብሎ መነጽሩን ቤት ትቶ ለመጣ ሰውማ አይነሳ። ሲነቀንቅ ያመሸው ለተሰቀለ ካፖርት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው በአፍ መጠየቅ የሚፈቀድበት ለቀቅ ያለ ቤት ቢፈልግ ይሻለዋል።

ሙዚቃውንም አጣራ። አንዳንዱ ዲጄ ከድሮዎቹ የታንጎ ኦርኬስትራ መሪዎች ከዳሪየንሶና ከዲ ሳርሊ ዘመን ወዲህ ሙዚቃ የተቀዳም አይመስለው። ኤሌክትሮኒክ ታንጎ ካልሆነ እግሬ አይነሳም የምትል ከሆነ እዚያ ሄደህ አታኩርፍ። ኤሌክትሮኒክ የሚከፈትበት ቤት ሄዶ የድሮው የፑግሊዬሴ ኦርኬስትራ ካልተከፈተ ብሎ የሚያኮርፍም አለ፣ አንድ ናችሁ።

የመጨረሻው ዓይነት ደናሽ አስተማሪው ነው። አብራው የምትደንሰው ከፍላ የገባችው ለመደነስ ነው፣ እሱ ግን በየዘፈኑ መሃል "ክብደትሽን ወደ ግራ!" ይላታል። ለእሱ ፕራክቲካ የሚባል የልምምድ ቤት አለለት፤ ቆሞ ማረም፣ መድገም፣ ማውራት ሁሉ ይፈቀዳል። እዚያም ቢሆን ሲጠይቁት ነው።