«ካት! እማማ፣ አንዴ ይድገሙልን»

ለድራማ ሠሪዎቻችን ምስጋና ይገባቸዋል። ቀኑን ሙሉ በቤት ኪራይና በዘይት ዋጋ አዝነን ስንገባ፣ ማታ ደግሞ ሳሎናችን ድረስ መጥተው የቀረችውን እንባ ይጨርሱልናል። ምን ያለ ውለታ ነው!

ታሪኩን መቼም ታውቁታላችሁ። ልጅቷ ኮማ ውስጥ ናት። አባቷ አባቷ አይደለም። ኑዛዜው ሲነበብ ወንድሟም ወንድሟ ሳይሆን ቀረ። አንዱ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል፤ ዋሽንት ይነፋል። ሄዳችሁ ሻይ አፍልታችሁ ትመጣላችሁ። አሁንም ያያል።

ሰሞኑን ከነዚህ አንዱ ከግቢዬ ጎን ያለውን ቪላ ተከራይቶ መቅረጽ ጀመረ። አጥሩ አጭር ነው። ሀዘን እንዴት እንደሚመረት በነጻ ተማርኩ።

እንባ ለምሳሌ። ሜካፕ የምትሠራዋ ልጅ ከተዋናዮቹ ዓይን ሥር ቪክስ ቢጤ ትቀባለች፤ ጉንጫቸው ላይ ግሊሰሪን ጠብ ታደርጋለች። ግሊሰሪን ቶሎ አይደርቅም፤ የእውነት እንባ ግን ይደርቃል። የእውነቱ የማይፈለገው ለዚህ ነው አሉ። ሌሊቱ ደግሞ የሚመሸው ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነው። ኮማ ውስጥ ያለችው ልጅ፣ እግዜር ይማርልንና፣ በብርድ ልብሱ ሥር ቲክቶክ ታያለች።

ዝናቡ ግን ይለያል። በክረምት ቆርቆሮው እየጮኸ ድምፅ አላስይዝ ይላል። ስለዚህ የድራማው ዝናብ በጋ ጠብቆ፣ በቦቴ ይመጣል። ሰፈራችን ውሃ የሚያየው በሳምንት 2 ቀን ነው። እህትየዋን ፍቅረኛዋ ስለከዳት ብቻ አንድ ቦቴ ሙሉ ወረደላት። እኔ ባልዲዬን ታቅፌ አጥሩ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ያለ ቪክስ።

ሐሙስ ዕለት የቀብሩ ቀን ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ። ለሰፈሩ ግን የነገረው የለም። እኛ ሰፈር ደግሞ ድንኳን የታየ እንደሆነ «ማን ነው?» የሚባለው ከተቀመጡ በኋላ ነው። ሰዉ ሥራውን እየተወ መጣ። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ መጥቶ የሟቹን ስም ቢፈልግ አጣው። «ውዝፍ ያለበት ይሆናል» ብሎ በሀዘን ተቀመጠ። ከታች መንገድ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከበሩ ጀምረው እያለቀሱ ገቡ። ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። «እንዳትነኳቸው! ቅረጽ!»

ተቀረጸ። ከዚያ፣ «ካት! እማማ፣ በጣም አሪፍ ነው። አንዴ ይድገሙልን፤ ፊትዎን ወደ መብራቱ አድርገው።»

«ማን ነው የሞተው ልጄ?»

«ማንም አልሞተም፣ ሥራ ነው።»

«እሰይ! ተመስገን» አሉና ሊወጡ ሲሉ ክንዳቸውን ይዘው ወደ በሩ መለሷቸው። ሁለተኛው ላይ ቁራሌው ጮኸ። ሦስተኛው ላይ የጸሐፊው ስልክ ጠራ። አራተኛው ላይ የአንዷ ተዋናይ ግሊሰሪን አልቆ ነበር። አምስተኛው ላይ እማማ የልጃቸውን ስም ጠሩ። ድምፅ የሚይዘው ልጅ ማዳመጫውን አወለቀና፣ «ስም አይጥሩ እማማ፤ ስክሪፕቱ ላይ ሟቹ ሌላ ነው» አላቸው። 7 ጊዜ አስለቀሷቸው።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። እኚህ ሴት የቀበሩት ልጅ አላቸው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እንቢ ማለት ስላልቻሉበት ብቻ ቁስላቸውን 7 ጊዜ ከፍተው፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ አስይዘው ሸኟቸው። ድሮ አልቃሽ እንኳ ባዶ እጇን አትሸኝም ነበር። በቪክስ ላለቀሰችው ይከፈላል፤ በልጃቸው ላለቀሱት ኃይላንድ! ነውር ነው። እናት የላችሁም?

እሺ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ትናንት ፕሮዳክሽን ማናጀሩ በሬን አንኳኳ። ለካ እኔ በአጥሩ እነሱን ሳይ፣ እሱም በመስኮት የኔን ሳሎን ሲያይ ከርሟል።

«ጋሼ፣ ቤትዎን ለ3 ቀን ያከራዩን።»

ደስ አለኝ። ሶፋ ልቀይር፣ መጋረጃ ላሳጥብ ብዬ ጠየቅኩት።

«ኧረ በጭራሽ!» አለ ደንግጦ። «ምንም እንዳይነኩ። ከስሮ፣ ብቻውን ሆኖ የሚሞት አጎት አለን። ቤትዎ እንዳለ ነው የምንፈልገው።»