እርማት፦ ፀሐይ የፊልም ካሜራንም ታቃጥላለች

«ፀሐይ የምትጎዳው ዲጂታል ካሜራን ነው፤ የፊልም ሬንጅፋይንደር (መመልከቻው ከሌንሱ የተለየ ካሜራ) ሴንሰር ስለሌለው ሌንሱ ክፍት ቢውልም ምንም አይሆንም» የሚለው አስተያየት እየተደጋገመ ነው። በአክብሮት፣ ይህ ልክ አይደለም። ጥር 11 ቀን ጎንደር፣ በአፄ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ዞርኪ 4 ወይም ፌድ 2 የተባለውን የሶቪየት ሬንጅፋይንደር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚውል ሰው ይህን ካመነ ካሜራው ሊበሳበት ይችላል።

ሬንጅፋይንደር እንደ ዜኒት ካሜራ ብርሃኑን ወደ ላይ የሚመልስ መስታወት የለውም። በእነዚህ ካሜራዎች ከሌንሱ በስተኋላ ያለው መዝጊያ (ሻተር) ጎማ የተቀባ ጨርቅ መጋረጃ ነው። ሌንሱ የሩቅ ምልክቱ (∞) ላይ ሆኖ ወደ ፀሐይ ከዞረ፣ አጉሊ መነጽር ወረቀት እንደሚያቃጥል ሁሉ ጨርቁን ሊበሳው ይችላል። ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ቢያክልም ፎቶው ላይ ነጭ ነጥብ ወይም ጭረት ሆኖ ይወጣል፤ ብዙዎች ይህን የአጣቢው ጥፋት ይመስላቸዋል።

ለማረጋገጥ ፊልም በሌለበት ሌንሱንና የኋላ ክዳኑን አውልቁ። ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ ባትሪ በሌንሱ ቀዳዳ በኩል እያበራችሁ ከኋላ ተመልከቱ። መጀመሪያ መዝጊያው ሳይጠመዘዝ፣ ቀጥሎ ጠምዝዛችሁ ድገሙት፤ መጋረጃው ሁለት ስለሆነ አንዱን ብቻ ማየት አይበቃም። ኮከብ የመሰለ ብርሃን ካያችሁ ተበስቷል።

ፎቶ ካላነሳችሁ ሌንሱን ክደኑ። ልታነሱ ስትሉ ግን ክዳኑን ማንሳት አትርሱ፤ መመልከቻው በሌንሱ በኩል ስለማያሳይ መከደኑን አይነግራችሁም። ክዳን ከሌለ የሌንሱን የብርሃን ማስገቢያ (አፐርቸር) 16 ላይ፣ ርቀቱን 1 ሜትር ላይ አድርጉ፤ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።