ርዕሰ መምህሩ ሠለጠነ፤ የወረዳው ኃላፊስ?

ለርዕሳነ መምህራን ሥልጠና ግዴታ ይሁን ሲባል የሚቃወም ብዙ ሰው የለም። እኔም አልቃወምም። የሚከነክነኝ ግዴታው ሁሌም ርዕሰ መምህሩ ጋ ሲደርስ መቆሙ ነው። እሱን የሚመድበው፣ የሚገመግመው፣ ሲያሻውም የሚያነሳው የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ለዚያ ወንበር ምን ተማረ? ይህን የሚጠይቅ የለም።

ግዴታው ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። መምህራን «ሲፒዲ» የሚሉት ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ይጠይቃል። ርዕሳነ መምህራን ደግሞ ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ እየገቡ በትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ሲማሩ ኖረዋል። ባለፉት ክረምቶችም ትምህርት ሚኒስቴር መምህራንንና የትምህርት ቤት አመራሮችን በየዩኒቨርሲቲው ሰብስቦ አሠልጥኗል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 ይበልጡ ነበር። እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው ርዕሰ መምህሩ ላይ ነው።

እስቲ ከመሐል ሜዳ ተነስቶ ደብረ ብርሃን ለሥልጠና የሚመጣን አንድ ርዕሰ መምህር አስቡት። ሌሊት ይነሳል። ሞላሌን አልፎ ጣርማበር ላይ አስፋልት ይይዛል፤ ያውም መንገዱ ሰላም ከሆነ። አዳራሽ ውስጥ አሠልጣኙ ስላይዱን እያነበበ ይነጉዳል። ጠዋት ፊርማ፣ ከሰዓት ፊርማ። በሻይ ሰዓት ወሬው ሁሉ አበል ነው። በዚህ አልፈርድባቸውም፤ የመምህር ደሞዝ ይታወቃል። በመጨረሻ ባነሩ ፊት ፎቶ ይነሳሉ፣ ሰርተፍኬት ይታደላል፣ አለቀ።

ያም ሆኖ ባዶ እጁን አይመለስም። አንድ ጥሩ ነገር ይዟል፦ ቢሮ ከመዋል ክፍል ገብቶ ትምህርቱን ማየት፣ ከዚያ ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር። ሰኞ ጠዋት ደብተሩን ይዞ አምስተኛ ክፍል ይገባና ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። መምህርቷ ክፍልፋይ እያስተማረች ነው። አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ አራተኛ ስንት ነው? ትላለች። «ሁለት ስድስተኛ!» ይላሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ። እሷም «አይደለም» ትልና ትክክለኛውን ጽፋ ታልፋለች። ልጆቹ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ እንደደመሩ ልብ አላለችም። እሱ ልብ ብሏል። ይህችኑ እየጻፈ ሳለ ስልኩ ይጠራል።

«ዳይሬክተር፣ ሪፖርቱስ?»

«ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ምልከታ ላይ።»

«ምልከታው ይደርሳል። ዞን እየጠበቀን ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ላክልኝ።»

ክፍልፋዩ እዚያው ቀረ። ማክሰኞ ወረዳ ላይ ስብሰባ አለ። ረቡዕ የቀበሌ ንቅናቄ አለ፤ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ የማይገባበት ኮሚቴ የለም። በሳምንቱ ደብተሩ መሳቢያ ይገባል። ሥልጠናው ከነአበሉ የፈሰሰው እዚህ ጋ ነው።

ስልክ የደወለውን የወረዳ ኃላፊ ክፉ አድርጌ መሣል አልፈልግም። ብዙ ጊዜ ሹመኛ ነው። አምና ሌላ ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ከርሞ የት እንደሚሆን እሱም አያውቅም። ሥልጣኑ ግን ቀላል አይደለም። በጀት ወደ ወረዳ መውረድ ከጀመረበት ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ የትምህርቱ ብር በወረዳ እጅ ነው። አብዛኛው ለደሞዝ ይሄዳል። የተረፈችው ትንሽ ገንዘብ ለጠመኔ ትሁን ለወንበር፣ ለየትኛው ትምህርት ቤት ትድረስ በሚለው ላይ የሱ ቃል ትልቅ ቦታ አለው። መምህር ሲመደብና ሲዛወርም እንደዚያው።

ታዲያ ይህ ሰው ጥሩ ትምህርት ምን እንደሚመስል ካላወቀ ርዕሰ መምህሩን ምን ብሎ ይጠይቀው? የሚያውቀውን ይጠይቃል፦ ቁጥር። ምዝገባ ስንት በመቶ ደረሰ? ስንት ልጅ አቋረጠ? ከዕቅዱ ምን ያህሉ ተከናወነ? ሁሌ ቁጥር የሚጠየቅ ሰው ደግሞ ቁጥር ማብሰል ይለምዳል። ሱፐርቫይዘሩም ከዚህ አያመልጥም፤ ቼክሊስቱን ይዞ ይመጣል፣ ፋይል ያገላብጣል፣ የጎብኚዎች መዝገብ ላይ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ኢንስፔክሽኑ ትምህርት ቤቱን በ26 ስታንዳርዶች መዝኖ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጠዋል። ጽሕፈት ቤቱን እንዲህ የሚመዝን ነገር ግን እስካሁን አልሰማሁም። ርዕሰ መምህሩን አሠልጥኖ ላልሠለጠነ አለቃ ማስረከብ እንዳያማ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ነው።

የሰሜን ሸዋ ነገር ደግሞ የራሱ መልክ አለው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ደረሰ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ስንቱን ትምህርት ቤት እንዳዘጋ የምናውቀው ነው። በር የሌለውን ክፍል እንዴት ይከፍቱታል? ወንበሩ ለማገዶ ሄዷል። ወር ሙሉ ከቤት የዋለ ልጅ ከየት ምዕራፍ ይቀጥላል? ልጄን አልልክም የሚል አባትን ምን ብለው ያግባቡታል? ይህንን በተግባር የተወጡ ርዕሳነ መምህራን በየወረዳው አሉ። እነሱን አዳራሽ አስቀምጦ ስለ «ስትራቴጂክ ዕቅድ» ስላይድ ማንበብ ትንሽ ያሳፍራል። አሠልጣኝ መሆን ያለባቸው እነሱ ናቸው። ከፊት ወንበር ተቀምጠው መስማት ያለባቸው ደግሞ የወረዳና የዞን ሰዎች ናቸው።

«ሹመት የፖለቲካ ጉዳይ ነው፤ ሹመኛን ሠልጥን ብሎ የሚያስገድደው ማን ነው?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይሁን፣ አስተዳዳሪው ይሹም። ግን አስቀድመው ከሠለጠኑት መካከል መርጦ ይሹም። የተሾመው ሰው ወንበሩ ላይ ከመደላደሉ በፊት አንድ ወር ትምህርት ቤት ይዋል፤ አንዱን ገጠር፣ አንዱን ከተማ። ክፍል ይግባ፣ ክፍልፋይ ይይ። ሲሾም ደግሞ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይቆይ፤ በየዓመቱ የሚቀያየር ሰው ላይ የሚወጣ የሥልጠና ገንዘብ ውኃ በወንፊት ነው። ከሳምንቱም ሁለት ጠዋት ስብሰባም ሪፖርትም የማይጠየቅባቸው ይሁኑ። ርዕሰ መምህሩ በእነዚያ ጠዋቶች ክፍል ይዋል፣ ስልኩም ይዘጋ።

የበጀት ሰበብም ብዙ አያስኬድም። ለዚህ ሆቴል መከራየት አያስፈልግም። ደብረ ብርሃን ላይ ዩኒቨርሲቲም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም አለ፤ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚገለገሉባቸው የጉድኝት ማዕከላቱም በየአካባቢው አሉ። የሚቀጥለው የሥልጠና ጥሪ ከዞን ሲወጣ ከስም ዝርዝሩ አንደኛ ተራ ላይ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ይስፈር። እሱም እንደሌላው ጠዋትና ከሰዓት ይፈርም፤ አበሉም ከርዕሰ መምህሩ እኩል ይሁን።