ማስተካከያ፦ 1909 የማን ዓመት ነው?

ባለፈው ሳምንት ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነትና ስለ ገለልተኛዋ ኢትዮጵያ ባወጣነው ጽሑፍ፣ ልጅ ኢያሱ በ1909 ከሥልጣን መውረዳቸውን ጠቅሰን «ጦርነቱ ከመጀመሩ ከአምስት ዓመት በፊት ስለሆነ አይያያዙም» ብለን ነበር። ተሳስተናል። 1909 የእኛው አቆጣጠር ነው። ዕለቱ መስከረም 17፣ የመስቀል በዓል ሲሆን፣ በፈረንጆቹ ደግሞ 1916፤ ጦርነቱ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ስህተቱን የጠቆሙን የድሬዳዋዋ ከዚራ ሰፈር ነዋሪ የሆኑ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ በጽሑፋችን ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የማን 1909?» ብለው ልከውልናል።

የዓመተ ምሕረቱ ስህተት መደምደሚያችንንም ያፈርሰዋል። ኢያሱ ያን ጊዜ ሐረር ነበሩ። በጦርነቱ ከጀርመን ጎን ወደተሰለፈችው ኦቶማን ቱርክ አዘንብለዋል ተብሎ የተቃራኒው ጎራ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሌጋሲዮኖች (የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤቶች) አዲስ አበባ ላይ ግፊት ያደርጉ ነበር። የመኳንንቱ የራሳቸው ቅሬታም እንደነበር አይካድም፤ ግን ሩቁ ጦርነት ከቤታችን ገብቶ ነበር።

«የባቡሩ ሥራ በጦርነቱ ተቋረጠ» ያልነውም ልክ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በፈረንጆች 1902 ነው፤ ለዓመታት እዚያው ቆሞ ከቆየ በኋላ ግን አዲስ አበባ የገባው በጦርነቱ መካከል፣ እንዲሁ በፈረንጆች 1917 ነው። የሐረር ቡናና ቆዳ በድሬዳዋ ተጭኖ የሚወርድባት ጅቡቲ በፈረንሳይ እጅ ነበረች። ገለልተኛ ነን እያልን መውጫ በራችንን የያዘው አንዱ ተፋላሚ ነበር ማለት ነው፤ ይህንን በጽሑፉ ጨርሶ አለማንሳታችን ከዓመቱ ስህተት ይብሳል።