ካሬው ስንት ገባ?

ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር ባሉ ካፌዎች ወሬው አንድ ነው፤ ካሬው ስንት ገባ? ደላላው ስልኩን አውጥቶ መሠረቱ እንኳ ያልተቆፈረ ፎቅ ሥዕል ያሳያል። «ወንድሜ፣ ዛሬ ካልያዝክ በሚቀጥለው ወር ይጨምራል» ይላል። ገዢው ስለ ውሃው፣ ስለ ሊፍቱ አይጠይቅም። የሚጠይቀው መልሶ ሲሸጠው ስንት እንደሚያወጣ ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ይኼ ጥያቄ ነው።

ሰው ሊጠቀምበት ሳይሆን መልሶ ሊሸጠው ሲገዛ ዋጋው የሚያብጥበትን ይህን ነገር የኢኮኖሚ ሰዎች አረፋ ይሉታል። አረፋ ሁሉ ግን ክፉ አይደለም። ዶናልድ ግሌዘር እ.ኤ.አ. በ1952 በሠራው መሣሪያ፣ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፉ ጥለውት የሚሄዱት የአረፋ ዱካ ታየ፤ በ1960 ኖቤል ተሸለመበት። ሐኪሞችም ብርቱ የሳንባ ምች የያዛቸውን ሕፃናት በአረፋ ይረዳሉ። ሕፃኑ የሚያስወጣው አየር ጫፉ ውሃ ውስጥ በተነከረ ቱቦ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ያልፋል፤ የውሃው ግፊት ሳንባው እንዳይከደን ያደርጋል። ባንግላዴሽ ውስጥ ለዚሁ ባዶ የሻምፑ ጠርሙስ ተጠቅመዋል። በርካሽ ዕቃ ነፍስ ማዳን ማለት ይህ ነው።

የገንዘቡ አረፋ ግን ሌላ ነው። የሳሙና አረፋ ቀለሙን የሚያገኘው ከቆዳው መሳሳት መሆኑን በጥንቃቄ ያጠናው አይዛክ ኒውተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1720 ለንደን ውስጥ ሳውዝ ሲ የተባለ ኩባንያ አክሲዮን ሲጦፍ ይኸው ሰው ገዝቶ፣ አትርፎ ወጣ። ዋጋው ማሻቀቡን ሲቀጥል ግን አላስችለው አለና ተመልሶ ገባ። በዓመቱ መጀመሪያ 130 ፓውንድ እንኳ የማይሞላው አክሲዮን በክረምቱ ወደ 1000 ተጠጋ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ከ200 በታች ወረደ። የኒውተንን ገንዘብ ውሃ በላው። ስለዚህ «እኔ ብልህ ነኝ፣ በሰዓቱ እወጣለሁ» የሚል ሰው ቢጠነቀቅ ይሻለዋል።

ዋናው ነገር ሲፈነዳ የሚቀረው ነው። የእንጀራ አረፋ ሲፈነዳ ዓይኑን ትቶ ይሄዳል፤ እንጀራው ግን ይበላል። የአሜሪካ የኢንተርኔት ኩባንያዎች አክሲዮን እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወድቅም ብዙ ሰው ከሰረ፤ መሬት ውስጥ የተቀበረው ኬብል ግን ቀረና በኋላ ሌላው ሠራበት። ቅድመ ክፍያ የተሰበሰበበት፣ ብረቱ ዝጎ የቆመ ፎቅ ግን ለማን ይበጃል? ሰው ዕድሜ ልኩን ላቡን አንጠፍጥፎ ያጠራቀመው ገንዘብ እኮ ነው እዚያ ውስጥ ያለው።

ገዢውን ሞኝ ማለቴ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በአጭር ጊዜ 100ን አለፈ። ብሩን ባንክ አስቀምጦ ሲሟሟ ከማየት ቤት መግዛት ይሻለኛል የሚል ሰው በቂ ምክንያት አለው። ከዋጋው ምን ያህሉ የብር መውደቅ፣ ምን ያህሉ የቤት እጥረት፣ ምን ያህሉ ወሬ እንደሆነ በደላላ አፍ ግን አይታወቅም።

የቤት ኪራይ ትንሽ ይነግረናል። አንድ ቤት 12 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። በወር 40 ሺህ ብር ቢከራይ በዓመት 480 ሺህ ነው። የገዛንበት ገንዘብ እስኪመለስ፣ ጥገናውንና ግብሩን ሳንቆጥር፣ 25 ዓመት ይፈጃል። ቁጥሩ 40 እና 50 ዓመት ከደረሰ፣ ገዢው እየከፈለ ያለው ለቤቱ ሳይሆን ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ገዢ ተስፋ ነው።

አዲስ አበባ አሁን የአክሲዮን ገበያም አላት። እዚያ የተመዘገበ ኩባንያ አክሲዮን በስንት እንደተሸጠ በይፋ ይነገራል። ለቤቱስ? ስም ሲዛወር የሽያጭ ዋጋ ይጻፋል። የባለቤቶቹ ስም ሳይጠቀስ፣ በክፍለ ከተማ ተለይቶ፣ በየሦስት ወሩ ይፋ ይሁንልን። ለግብር ተብሎ ዝቅ ተደርጎ የሚጻፍ ይኖራል፤ ቢሆንም መነሻ ይሆናል። ቂርቆስ ላይ ቤት ሊገዛ የተነሳ ሰው ባለፈው ሩብ ዓመት ጎረቤቱ በስንት እንደሸጠ ማወቅ አለበት።